አሃድ አልባ ቁጥሮች በፍሉይድ ሜካኒክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ፍሉይድ ሜካኒክስን በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ፣ እንዲሁም በመስኖ፣ በውኃ አቅርቦትና በማሽን ሥራ ላይ ሆነው ትምህርቱን መከለስ ለሚፈልጉ አንባቢዎች ነው። ትምህርቱ በአገራችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ ተማሪ ቀመሮቹን በቃሉ ይይዛል፤ አንድ ቀመር ምንን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽር በገዛ ቋንቋው እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ግን ይቸገራል። የሚከተሉት መልሶች ያተኮሩት በዚህ ላይ ነው። በተለምዶ «ፈሳሽ» ስንል አየርን ስለማንጨምር፣ ፈሳሽንም ጋዝንም በአንድነት ለመጥራት «ፍሉይድ» የሚለውን ቃል ተጠቅመናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሃድ አልባ ቁጥር ምንድን ነው?

ሜትር፣ ኪሎ ግራም፣ ሰከንድ ወይም ሌላ የመለኪያ አሃድ የማይከተለው ቁጥር ነው። የሚገኘውም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ ሁለት ኃይሎች ወይም ሁለት ፍጥነቶች፣ አንዱ ለሌላው ሲካፈል አሃዶቻቸው ስለሚጣፉ ነው። «አባት በቁመት የልጁ እጥፍ ነው» ስንል ቁመቱን በክንድ ብንለካውም በሜትር ብንለካውም «እጥፍ» የሚለው አይለወጥም። በፍሉይድ ሜካኒክስ የምናገኛቸው ቁጥሮች ሁሉ እንዲህ ያሉ ንጽጽሮች ናቸው፤ ስለዚህ አዲስ ቁጥር ሲያጋጥምዎ ከቀመሩ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ከላይ ያለው ምንድን ነው? ከታች ያለውስ?» የሚለው ነው።

ያለ እነርሱ መሥራት አይቻልም ወይ?

ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው አያልቅም። በፍሉይድ ውስጥ የምትንቀሳቀስ አንዲት ሉል የሚያጋጥማትን ጎታች ኃይል በሙከራ ማወቅ ፈለግን እንበል። ኃይሉ በሉሏ ዲያሜትር፣ በፍጥነቷ፣ በፍሉይዱ እፍጋትና በዝልግልግነቱ (ለመፍሰስ ባለው እምቢታ) ላይ ይመሠረታል። ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ዋጋ ወስደን ሁሉንም ብናፈራርቅ 10,000 ሙከራ ማድረግ ሊኖርብን ነው፤ ከዚያም ውስጥ እፍጋቱ ብቻ ተለውጦ ዝልግልግነቱ የማይለወጥ ፍሉይድ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ኤድጋር በኪንግሃም እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተመው ፅንሰ ሐሳብ ግን አምስቱ መጠኖች፣ ማለትም ኃይሉና አራቱ ምክንያቶቹ፣ የተዋቀሩት ከርዝመት፣ ከጊዜና ከመጠነ ቁስ ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ሁለት (አምስት ሲቀነስ ሦስት) አሃድ አልባ ቁጥሮች እንደሚጠቀለል ያሳያል። አንደኛው የጎታች ኃይል ኮፊሸንት ነው፤ እርሱም ጎታች ኃይሉ ለእፍጋት፣ ለፍጥነት ካሬና ለሉሏ ስፋት ብዜት ሲካፈል የሚገኝ ንጽጽር ነው፤ ሁለተኛው ቀጥለን የምናየው የሬይኖልድስ ቁጥር ነው። አሥር ያህል ሙከራ አድርጎ አንድ መስመር መሣል ይበቃል፤ መስመሩም በውኃ ለምትሰጥም ጠጠር፣ በአየር ለምትወረወር ኳስና በዘይት ለምትወርድ የብረት ጥይት እኩል ያገለግላል። በእኔ አመለካከት በምህንድስና ትምህርት ውስጥ ይህን ያህል ድካም የሚያስቀር ሌላ ሐሳብ ብዙ የለም።

የሬይኖልድስ ቁጥር ምን ይነግረናል?

የሬይኖልድስ ቁጥር በኢነርሺያና በዝልግልግነት መካከል ያለውን የኃይል ሚዛን ይነግረናል። ኢነርሺያ የሚንቀሳቀስ ፍሉይድ በያዘው መንገድ ለመቀጠል ያለው ዝንባሌ ሲሆን፣ ዝልግልግነት ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ የፍሉይዱ ንብርብሮች እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ እንቅስቃሴውን የሚያለዝቡበት ባሕርይ ነው። ስሌቱም ፍጥነት በርዝመት ተባዝቶ ለኪነማቲክ ዝልግልግነት ሲካፈል ነው፤ ኪነማቲክ ዝልግልግነት ማለት ዳይናሚክ የሚባለው የፍሉይዱ ዝልግልግነት ለእፍጋቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳተመው የማንቸስተር ሙከራ ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይደገማል። በውኃ በተሞላ ባለ መስታወት ገንዳ ውስጥ አፉ እንደ መለከት የሰፋ የመስታወት ቱቦ አጋደመ፤ በቱቦው አፍ ላይም ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውኃው በዝግታ ሲሄድ የቀለሙ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሰበር እንደ ተወጠረ ፈትል ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ይህ ላሚናር የሚባለው ፍሰት ነው። ፍጥነቱ ሲጨመር ክሩ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ድንገት ይበታተንና የቱቦውን ውኃ ሁሉ ያቀልመዋል፤ ይህ ደግሞ ተርቡለንት የሚባለው የተናወጠ ፍሰት ነው። ሬይኖልድስ የተበታተነውን ቀለም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲመለከተው ለዓይን ደመና ይመስል የነበረው ነገር የተጠማዘዙ ጥቃቅን ሽክርክሪቶች ሆኖ አገኘው። ቁጥሩን በእርሱ ስም የጠራው ግን ራሱ ሳይሆን ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አርኖልድ ዞመርፌልድ ነው፤ ጊዜውም 1908 ነበር።

በቤታችን የሚገኝ ምሳሌ እንውሰድ። ውስጡ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ የግማሽ ኢንች ቧንቧ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በሁለት ደቂቃ ቢሞላ፣ በቧንቧው ውስጥ የውኃው አማካይ ፍጥነት 0.94 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የውኃ ኪነማቲክ ዝልግልግነት በሰከንድ 0.000001 ካሬ ሜትር ስለሆነ የሬይኖልድስ ቁጥሩ 14,000 ገደማ ይሆናል፤ ፍሰቱ የተናወጠ ነው ማለት ነው። በዚያው ቧንቧ ውስጥ ፍሰቱ ላሚናር ይሁን ብንል፣ ማለትም ቁጥሩ መጻሕፍት ለቧንቧ ወሰን አድርገው ከሚጠቅሱት 2,300 በታች ይሁን ብንል፣ ጄሪካኑ እስኪሞላ ከ12 ደቂቃ በላይ መጠበቅ ይኖርብናል። በመጠጥ ውኃ መስመር ላይ የሚሠራ ባለሙያ ላሚናር ፍሰትን እምብዛም የማያገኘው ስለዚህ ነው። በዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ፍጥነት የምግብ ዘይት ቢሄድበት ግን ዘይቱ ከውኃ በብዙ አሥር እጥፍ ስለሚዝለገለግ ቁጥሩ ወደ 200 ገደማ ይወርዳል፤ ፍሰቱም ጸጥ ያለ ይሆናል።

ወደ ታች ብንወርድ ደግሞ ሌላ ዓለም እናገኛለን። አንድ ማይክሮ ሜትር የምታክል ባክቴሪያ በሰከንድ 30 ማይክሮ ሜትር ስትዋኝ የሬይኖልድስ ቁጥሯ 0.00003 ነው። ለእርሷ ኢነርሺያ የለም ማለት ይቻላል፤ መቅዘፏን ባቆመችበት ቅጽበት ከአንድ አቶም ስፋት ያነሰ ርቀት እንኳ ሳትንሸራተት ትቆማለች።

2,300 የማይታለፍ ድንበር ነው?

አይደለም። በፈተና ወረቀት ላይ «2,299 ላሚናር ነው፣ 2,301 ተርቡለንት ነው» የሚል መልስ በተደጋጋሚ ይታያል፤ ተፈጥሮ ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መስመር አላሰመረችም። ሬይኖልድስ ራሱ የገንዳውን ውኃ ለረጅም ሰዓት አስተኝቶ፣ ንዝረትንም አስወግዶ ሲሞክር ላሚናሩን ፍሰት ከ12,000 በላይ ድረስ ማቆየት ችሏል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በክብ ቱቦ ውስጥ የተፈጠረ ንውጥ ሳይከስም መዛመት የሚጀምረው በ2,040 አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ከ2,000 በታች ከሆነ ንውጡ ቢፈጠርም ይከስማል፤ ከ4,000 በላይ በተራ የቧንቧ መስመር ውስጥ ላሚናር ፍሰትን መጠበቅ አይቻልም፤ በመካከል ያለው ግን በቧንቧው አፍ ቅርጽ፣ በግድግዳው ሸካራነትና በፓምፑ ንዝረት የሚወሰን ነው። ዲዛይን የሚሠራ ሰው ከዚህ መካከለኛ ክልል ቢርቅ ይሻለዋል፤ የግፊት ብክነቱን በእርግጠኝነት ማስላት አይችልምና።

ቀመሩ ውስጥ የትኛውን ርዝመት ላስገባ?

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ስለሆነ ጥያቄው በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። ለክብ ቧንቧ ርዝመቱ የውስጥ ዲያሜትሩ ነው፤ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ለሚሄድ አየር ከሰሌዳው ጠርዝ ያለው ርቀት ነው፤ ለክፍት ቦይ ደግሞ የሃይድሮሊክ ራዲየስ ነው፤ እርሱም የውኃው ቁራጭ ስፋት ለረጠበው ዙሪያ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ወሰን ተብሎ የሚጠቀሰው ቁጥር ከተመረጠው ርዝመት ጋር የተጣመረ ነው። ለቧንቧ 2,000 ገደማ የሆነው ወሰን በቦይ 500 የሚሆነው ቦይ የተለየ ፊዚክስ ስላለው አይደለም፤ የክብ ቧንቧ ሃይድሮሊክ ራዲየስ የዲያሜትሩ ሩብ ስለሆነ ነው። ለጠፍጣፋ ሰሌዳ ደግሞ የተለመደው ወሰን 500,000 ነው። የቦዩን ቁጥር በሃይድሮሊክ ራዲየስ አስልቶ ከቧንቧው 2,000 ጋር የሚያወዳድር ሰው ሁለት በተለያየ ሚዛን የተመዘኑ ዕቃዎችን እያወዳደረ ነው።

የፍሩድ ቁጥርስ ከምን ጋር ያገናኘናል?

ከስበት ጋር። የውኃው ገጽ ለአየር ክፍት በሆነበት ሁሉ፣ በወንዝ፣ በመስኖ ቦይ፣ በግድብ ማስተንፈሻና በመርከብ ዙሪያ፣ ማዕበል የሚፈጥረውና የሚያጓጉዘው ስበት ነው። የፍሩድ ቁጥር የውኃው ፍጥነት ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ማዕበል ከሚጓዝበት ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ ነው፤ የማዕበሉ ፍጥነት ደግሞ የስበት ፍጥንጥነት በጥልቀቱ ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ካሬ ሥር ነው።

ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ማዕበል በሰከንድ 2.2 ሜትር ይጓዛል። ውኃው በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢሄድ የፍሩድ ቁጥሩ 0.36 ነው፤ በታችኛው በር ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ በማዕበል አማካይነት ወደ ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው በዝግተኛ ፍሰት፣ ማለትም የፍሩድ ቁጥሩ ከ1 በታች ሲሆን፣ የውኃውን ከፍታ ስናሰላ ከታች ወደ ላይ የምንሄደው። ከ1 በላይ ሲሆን ግን ማዕበሉ ውኃውን ተቃውሞ መውጣት አይችልም፤ ታች የሚሆነውን የላዩ ውኃ «አይሰማም»፤ ስሌቱም ከላይ ወደ ታች ይሆናል።

ከማስተንፈሻ ግርጌ የሚደርስ ውኃ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር፣ ፍጥነቱም 12 ሜትር በሰከንድ ቢሆን የፍሩድ ቁጥሩ 5.4 ነው። እንዲህ ያለው ውኃ ዝግተኛ ውኃ ሲያጋጥመው ባለበት ቦታ እየተገለባበጠ ድንገት ወደ 3.6 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይህ የሃይድሮሊክ ዝላይ ይባላል። በዚያ ነጭ አረፋ ውስጥ ውኃው ይዞት ከመጣው ኢነርጂ ግማሽ ያህሉ ይባክናል። ብክነቱ እዚህ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ባይባክን ኖሮ የወንዙን አልጋ ቆፍሮ የግድቡን መሠረት ያጋልጥ ነበር። ከግድብ ማስተንፈሻ በታች ገንዳ የሚሠራው ዝላዩ በተፈለገበት ቦታ እንዲሆን ነው።

የግድብ ሞዴል ተሠርቶ ሲሞከር የፍሩድንና የሬይኖልድስን ቁጥሮች ሁለቱንም ማመሳሰል ለምን አይቻልም?

ዊልያም ፍሩድ በ1860ዎቹ 3፣ 6 እና 12 ጫማ የሚረዝሙ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ ሲያጠና፣ ፍጥነቱ ከርዝመቱ ካሬ ሥር ጋር ሲመጣጠን ትንሹም ትልቁም ሞዴል አንድ ዓይነት ማዕበል እንደሚፈጥሩ ተገነዘበ፤ በ1872ም በእንግሊዝ ቶርኪ ከተማ የሙከራ ገንዳ አቋቋመ። ዛሬም የግድብ ሞዴሎች የሚሠሩት በዚህ ሕግ ነው።

የእውነተኛው 25ኛ እጅ የሆነ ሞዴል እንሥራ። በፍሩድ ሕግ ፍጥነቱ 5ኛ እጅ ይሆናል፤ የእውነተኛው ወንዝ አንድ ሰዓት በሞዴሉ 12 ደቂቃ ይሆናል፤ በሰከንድ 1,000 ሜትር ኩብ የሚያስተላልፍ ማስተንፈሻ በሞዴሉ 320 ሊትር ብቻ ያስተላልፋል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። የሬይኖልድስ ቁጥሩ ግን 125 ጊዜ ያንሳል። እርሱንም እኩል ለማድረግ ከውኃ 125 ጊዜ ያነሰ ኪነማቲክ ዝልግልግነት ያለው ፈሳሽ ያስፈልገናል፤ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ደግሞ የለም።

ባለሙያው ምርጫ ያደርጋል። ማዕበልና ስበት ጉዳዩን ስለሚመሩት ፍሩድን ይጠብቃል፤ ሬይኖልድስን ደግሞ በሞዴሉም ውስጥ ፍሰቱ በደንብ የተናወጠ እንዲሆን ያህል ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ከላይ ባነሣነው የማስተንፈሻ ምሳሌ በግርጌው ላይ 6,000,000 የሚሆነው የሬይኖልድስ ቁጥር በሞዴሉ ወደ 48,000 ይወርዳል፤ ቁጥሩ ብዙ ቢቀንስም ፍሰቱ አሁንም የተናወጠ ነው። በሞዴሉ ላይ በፍጹም ሊታመን የማይገባው የአረፋው መጠን ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ባለው ውኃ የገጽ ውጥረት (የውኃው ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ የመሰብሰብ ባሕርዩ) አየር እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ሞዴሉ የሚያሳየው አየር ከእውነተኛው ያነሰ ነው።

የዌበር ቁጥር የት ያጋጥመናል?

በጀበና አፍ ላይ። ይህ ቁጥር ኢነርሺያን ከገጽ ውጥረት ጋር ያነጻጽራል፤ እፍጋት በፍጥነት ካሬና በርዝመት ተባዝቶ ለገጽ ውጥረት ይካፈላል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቡና ክር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ከጀበናው ሲወጣ፣ ትኩስ ውኃ ያለው የገጽ ውጥረት 0.06 ኒውተን በሜትር ገደማ ስለሆነ የዌበር ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል፤ ቡናው ከአፉ ተላቅቆ ሲኒው ውስጥ ይወርዳል። ፍጥነቱ ወደ 0.1 ሜትር ሲወርድ ቁጥሩ 0.8 ይሆናል፤ ያን ጊዜ የገጽ ውጥረቱ ያሸንፍና ቡናው የጀበናውን አንገት ተከትሎ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ልምድ ያላት ቡና አፍይ ከሲኒ ወደ ሲኒ ስትሻገር ክሩን የማታቋርጠው ቁጥሩን አስልታ ባይሆንም ሥራዋ ከስሌቱ ጋር ይስማማል፤ ባቋረጠች ቁጥር ፍጥነቱ በዜሮ በኩል ስለሚያልፍ ጠብታው የሚመጣው ያኔ ነው። የአፉ ጠርዝ ስለታምነትና የሸክላው እርጥበት የመምጠጥ ባሕርይም ድርሻ አላቸው።

ማክ ቁጥርስ ፍጥነት አይደለም ወይ?

ፍጥነት አይደለም፤ ፍጥነት ለድምፅ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኝ ንጽጽር ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ሲጓዝ፣ በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው ቀዝቃዛ አየር 295 ሜትር ብቻ ይጓዛል። ቦይንግ 787 በዚያ ከፍታ በማክ 0.85 ሲበር ፍጥነቱ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማክ 0.3 በታች የአየሩ እፍጋት ለውጥ ከ5 በመቶ ስለማይበልጥ አየርን እንደማይታመቅ ፍሉይድ ቆጥሮ ማስላት ይቻላል፤ የቤት ማራገቢያም፣ የሕንፃ የንፋስ ጫናም ከዚህ ወሰን እጅግ በታች ናቸው።

በሁለት መጻሕፍት ውስጥ አንድ ቁጥር ለምን ሁለት ቀመር ይኖረዋል?

አንዳንድ ደራስያን የፍሩድን ቁጥር ካሬ ሥሩን ሳያወጡ ስለሚጽፉት፣ በአንዱ መጽሐፍ 5.4 የሆነው በሌላው 29 ሆኖ ይገኛል። ሠንጠረዥ ከመጠቀምዎ በፊት የመጽሐፉን ትርጓሜ ይመልከቱ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው ግን የአሃድ ስህተት ነው፤ ዲያሜትርን በሚሊ ሜትር ያስገባ ሰው የሬይኖልድስ ቁጥሩን 1,000 ጊዜ ያበዛዋል፣ በዳይናሚክና በኪነማቲክ ዝልግልግነት መካከል የተደናገረ ሰው ደግሞ በውኃ ጉዳይ እንዲሁ በ1,000 ይሳሳታል። አሃዶቹን ከቁጥሮቹ ጎን ጽፎ እየሰረዙ መሄድ ጊዜ ቢወስድም፣ በመጨረሻ አንድም አሃድ ካልቀረ ስሌቱ ቢያንስ ከዚህ ስህተት ነፃ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ለውጥ ያመጣል?

በውኃ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በአየር ላይ ግን ያመጣል። በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በእኩል ሙቀት እፍጋቱም እንዲሁ። የአየር ዳይናሚክ ዝልግልግነት ግን በግፊት ስለማይለወጥ የአንድ ማራገቢያ የሬይኖልድስ ቁጥር በአራተኛ እጅ ይቀንሳል። በሞቀ ወለል ላይ አየር በራሱ ተነሥቶ ሙቀትን የሚያወጣበትን ኃይል የሚለካው የሬይሊ ቁጥር ደግሞ በእፍጋት ካሬ ስለሚሄድ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል፤ በዚህም የተነሣ በእኩል የሙቀት ልዩነት የሚወጣው ሙቀት በ13 በመቶ ያህል ያንሳል። ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚተከሉ በአየር የሚቀዘቅዙ ትራንስፎርመሮች አምራቾች የሚፈቅዱትን ጭነት የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለደጋ ከተማ ዕቃ የሚያዝ መሐንዲስም የቦታውን ከፍታ በማዘዣው ላይ መጻፍ ይኖርበታል።